ከነላስቲኩ የተተከለው ተራራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። እናቴ ስትሞት እጇን ይዤ ተቀምጬ፣ ለእርሷም አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴማ ከኔ ስንት ነገር ሰምተዋል! በዐቢይ ጾም ወተት መጠጣቴን ነግሬያቸዋለሁ። በሐሰት መማሌን ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ቅዳሴ ላይ እንደቆምኩ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ "አሜን" በማለት ፈንታ "ሃይ፣ ና በሬ!" ብዬ መጮሄን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም መስቀላቸውን እንደያዙ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ እኔም ይህችን አንዷን በሳቃቸው ሥር ቀብሬ እወጣለሁ። ትልቁን ኃጢአቱን በትንንሽ ኃጢአት የሚሸፍን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ልጽፈው ከተቀመጥኩ ወዲህ እንኳ ስንቴ ተነሣሁ! በሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሳይጠማኝ ውኃ ጠጣሁ። ዶሮዎቹን ያለ ጥፋታቸው ተቆጣሁ። ሚስቴ "ምነው፣ ቁንጫ ነው?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ቁንጫስ ቢሆን ይገደል ነበር።

እንግዲህ ልጀምር። ያደግሁት ከጠዳ በላይ፣ ሽቅብ ሲወጡ ባለው ደጋ ነው። ከመንደራችን ራስጌ ቀይ አፈር የሚባል ተራራ አለ። በደርግ ጊዜ፣ እኔ ገና ባገባሁ ሰሞን፣ ይህ ተራራ ራሰ በራ ነበር። ራሰ በራ ስላችሁ እንዲያው የተመለጠ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ንሥር በላዩ ሲያልፍ ፊቱን አይቶበት ላባውን ያስተካክል ነበር። ዝንጀሮ ከወጣበት እርቃኑን የቆመ መስሎት አፍሮ ይወርዳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ እርሻችንን እየላጠ ወደ ደምቢያ ይዞት ይሄዳል፤ የኮላ ድባ ገበሬ በኛ አፈር ጤፍ ይዘራል፣ እኛ የቀረልንን ድንጋይ እናርሳለን። "ኮላ ድባ ወርደን ግብር እንሰብስብ እንጂ፤ መሬታችን እኮ እዚያ ነው!" እያልኩ ሰዉን አስቅ ነበር።

ማሳቅ ነበር ሥራዬ። ደቦ ሲጠራ እኔ ካልመጣሁ አይጀመርም፤ አውራጁ እኔ ነኛ። ግጥሙን እኔ አወርዳለሁ፣ ሰዉ ይቀበላል፣ ማጭዱም ዶማውም በኔ ድምፅ ይሄዳል። ፍጠኑ ስል ይፈጥናሉ። ሳቁ ስል ይስቃሉ። ለአንድ ወጣት ይህ ትንሽ ንግሥና ነው፤ እኔም ነግሼ ነበር።

አያ ፈንቴ ደግሞ ጎረቤቴ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በጋቢው የሚሸፍን ሰው። ሚስቴን ያገኘሁት በእርሱ ነው። አባቷ "ለቧልተኛ ልጄን አልሰጥም፤ ርቧት ስታለቅስ እሱ ቆሞ ይስቃል" ብሎ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ሲመልስ፣ አያ ፈንቴ ብቻውን ተመልሶ ሄዶ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "የደሴ አፉ ነው እንጂ ልቡ ሸጋ ነው። ለልቡ እኔ ዋስ ነኝ" አለ፤ ደሴ እኔ ነኝ። ለበሬ ዋስ የሚሆን ሰው አለ። ለልብ፣ ያውም ለኔ ልብ!

የገበሬ ማኅበሩ ቀይ አፈር ይከለል፣ ችግኝም ይተከልበት ሲል የደን ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ፈንቴ ሆነ። ሌላው ሰው የሚያስበው ለሥራው የሚታደለውን ስንዴና ዘይት ነበር። አልዋሽም፣ እኔ ዘይቱን ነበር የማልመው። እርሱ ግን ያኔ ያልነበረ ሣር ይታየው ነበር። "ከብት ካልገባበት ሣሩ ይነሣል፤ አጭደን እንካፈላለን። የጠፋው ምንጭ ይመለሳል። የልጆቻችን ቤት ማገር ከዚሁ ይቆረጣል" ይላል፤ በየቤቱ እየዞረ ያችኑ ይደጋግማታል። መናገር የማይችል ሰው መንደሩን ሁሉ አሳመነ። ተራራው ተከለለ። ከብትም፣ በግም፣ ፍየልም አይገባም ተባለ።

ፍየል! እኔ ካለ ፍየል ምን ነበረኝ? ሚስቴ ከአባቷ ቤት ይዛቸው የመጣች ፍየሎች ነበሩ፤ የሚግጡትም ቀይ አፈር ላይ ነበር፤ ምን እንደሚግጡ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው እንጂ። ተደብቄ አስገባኋቸው። አያ ፈንቴ ይዞ በማኅበሩ በረት ዘጋባቸው። በማግስቱ ሰው በተሰበሰበበት መጥቼ ስለምን፣ ቀና ብሎ አየኝና፣

"ደሴ፣ ያንተንስ ቀልድ ለምደነዋል። ፍየሎችህም ይቀልዱብን ጀመር?" አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሴቱ ሳቀ፣ ሽማግሌው ሳቀ፣ አማቴ ዱላውን ተደግፎ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። በዕድሜው አንዲት ቀልድ ቀለደ፣ እሷም በኔ ላይ ሆነች! ፍየሎቹን ወዲያው ፈቶ ሰጠኝ፤ ቅጣት እንኳ አልጣለብኝም። እኔ ግን እነሱን እየነዳሁ ስመለስ ጆሮዬ ይነድ ነበር። አስቂኝ ሰው ሲሳቅበት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? አታውቁም፤ አትወቁትም። ለፍየሎቼ ስል ነው ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር፤ ፍየል ይበላል፣ ይጠጣል፣ ምክንያት ይሆናል። ለፍየል አልነበረም። ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ለዚያች ሳቅ ነው።

ጊዜው የሰፈራ ወሬ አገሩን ያናወጠበት ነበር። እገሌ ገበያ እንደወጣ ተጭኖ ቀረ ይባላል። ማኪና ከታች ሲያጓራ ሰው ጫካ ይገባል ልላችሁ ነበር፤ ጫካ የለማ፤ ገደል ይገባል። ጎንደር ደርሼ የተመለስኩ ቀን ጠላ ቤት ተቀመጥኩና "ፒያሳ ላይ አንድ የመንግሥት ማኪና ነጂ አጫወተኝ" አልኩ። ማንም አላጫወተኝም። ፒያሳ ላይ ያገኘሁት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ነው። "ተራራው ጫካ ሲሆን መንግሥት ያጥረዋል፤ ጫካ አጠገብ ደግሞ ሰው እንዲኖር አይፈቀድም፤ እናንተን ሰፈራ ይወስዷችኋል አለኝ" አልኩ። ማኪናውንም በሰፊው ፈጠርኩት፤ መንደሩን ከነቤተ ክርስቲያኑ የሚጭን፣ ጎማው ጎጆ የሚያህል አደረግሁት። እንደ ወትሮው ይስቃሉ ብዬ ነበር? አይደለም። እንዳይስቁ ነበር የፈለግሁት። አልሳቁም። አንዱ ዋንጫውን አስቀምጦ፣

"እንግዲያ ምን ይሻላል፣ ደሴ?" አለኝ።

የሚሻለውን አዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አፈር ስሸከም ከርሜያለሁና ምሥጢሩን ዐውቃለሁ፤ ሌላው ሰው ገና አያውቅም። ችግኙ ሥሩ በጥቁር ላስቲክ ታቅፎ ነው የሚመጣው። ሲተከል ላስቲኩ ይቀደድና ይጣላል። ካልተቀደደ ሥሩ መሄጃ ያጣል፣ እዚያው ተጠምጥሞ ታንቆ ይሞታል።

"ከነላስቲኩ ትከሉት" አልኳቸው። "ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ከወረዳ የሚላከው ካድሬ አይቶ ያጨበጭባል። በጋ ሲመጣ ድርቅ ይላል። እግዜር ገደለው እንላለን። እግዜርን ማን ያስረዋል?"

ሰዉ የሰማሁትን ያወራሁ ይመስለው ነበር፤ እስከ ዛሬም ይመስለዋል። መፍጠሬን ማንም አያውቅም። ነጂው እንዳልነበረ፣ ማኪናው እንዳልነበረ፣ የነበርኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ ይኸው የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ።

ሐምሌ ላይ የተከላው ቀን መጣ። አያ ፈንቴ ሰዉን ሰብስቦ ላስቲኩ እንዴት እንደሚቀደድ ሊያሳይ ነበር ያሰበው። ግን ችግኙን የጫነው ማኪና ከታች ጭቃ ያዘውና፣ ጥቂት ሰው ይዞ ሊያስወርድና ሊሸከም ወረደ። ካድሬው "ጀምሩ፣ ጀምሩ እንጂ!" ይላል። የደረሰውን ችግኝ እየተቀበልን ጀመርን። እኔ መሐል ቆምኩና አወረድኩ፦

"ችግኙን አትግፈፍ፣ ከነልብሱ ትከል፤
የሐምሌ ብርድ ክፉ፣ ይታመምብሃል!"

ሰዉ ተቀበለ። ካድሬው፣ ጫማው የተሸከመው ጭቃ ከራሱ የሚከብድ ወጣት፣ ለችግኝ የምንራራ መስሎት አጨበጨበ፤ እንዲያውም አብሮ ተቀበለልኝ። በኔ ዜማ፣ በኔ ድምፅ ተራራውን ሙሉ ከነላስቲኩ ተከልነው። እኔም በዚህች በምጽፍባት እጄ ጉድጓድ እየማስኩ ከነላስቲኩ ቀበርኩ። ጉሙ ወርዶ ሰው ሰውን አይለይም ነበር። አያ ፈንቴ የመጨረሻውን ሸክም ይዞ ሲወጣ የቀረው አናቱ ላይ ያለው መስመር ብቻ ነበር። እርሱን ከባለቤቱ ከእትዬ ጥሩዬ ጋር፣ ላስቲኩን እየቀደደ፣ እንደ ደንቡ ተከለ። ከታች ያለነው ምን እንደሠራን አላየም።

በጋው ገባ። ችግኙ እኔ እንዳልኩት ደረቀ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከተናገርኩት ሁሉ በትክክል የተፈጸመው ይህ ብቻ ነው። አናቱ ላይ ያለችው የአያ ፈንቴ መስመር ግን ለምለም ሆና ቀረች። ካድሬው የወረዳ ሰዎች አስከትሎ መጣ። አንዱን ነቀለ፣ ላስቲክ። ሌላውን ነቀለ፣ ላስቲክ። ሰዉ አውድማው ላይ ተሰበሰበ።

"ይህ አሻጥር ነው! ያዘዘው ማነው?" አለ።

እኔን የሚያጋልጥ ራሱንም ያጋልጣል፤ ሁሉም እጁ አለበት። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

"ያ የላይኛው መስመር የማን ነው?"

"የኔ ነው" አለ አያ ፈንቴ።

"ያንተው ብቻ ለምን ጸደቀ?"

አያ ፈንቴ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣለትም። ግንባሩ ተቋጠረ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፤ ዝምታ ሲበዛ አፌ ራሱ ይሮጣል... አይ! ይኸው፣ ማመካኘት ጀመርኩ። አፌ አልሮጠም። እኔ ተናገርኩ። ዐውቄ ተናገርኩ።

"ጓድ" አልኩ፣ "የአያ ፈንቴ ችግኞች መሠረተ ትምህርት ጨርሰዋል። የኛዎቹ መሃይም እንደሆኑ ሞቱ።"

ሰዉ ፈርቶ የያዘውን ትንፋሽ በሳቅ ለቀቀው። ካድሬው አልሳቀም። ወደ ኔ ዞረ።

"ምን ማለትህ ነው? እሱ ዐውቆ ለሕዝቡ ሳያስተምር ቀረ ነው የምትለው?"

እዚህ ላይ መመለስ እችል ነበር። "ቀልዴን ነው" ማለት እችል ነበር፤ ቀልደኛ መሆኔን እንደሆነ ድንጋዩም ያውቃል። ማንን ነበር የፈራሁት? ካድሬውን? ወይስ ፈልጌው ኖሯል? እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ አልኩ። ያች የራስ ንቅናቄ ከዝንብ እሽታ አትበልጥም፤ ሰው ግን ወሰደች።

አያ ፈንቴ ዕውቀት ደብቆ ሕዝቡን የጎዳ፣ ተራራውን ለራሱ ሊያስቀር ያሰበ ፀረ-ሕዝብ ተባለ። ወደ ጎንደር ወሰዱት። ሲሄድ ጋቢውን አስተካክሎ ዞሮ አየኝ። ተቆጥቶ ቢያየኝ ሸጋ ነበር። አልተቆጣም። ከቤቱ የረሳውን ዕቃ ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ነበር ያየኝ። ያ አስተያየት ያኔ አልገባኝም።

ሁለት ክረምት ታሰረ። በዚያ መሐል ምን ሆነ መሰላችሁ? ችግኝ እንደገና መጣ። ሰዉ፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ ላስቲኩን እየቀደደ ተከለ። እኔም ቀድጄ ተከልኩ። ያን ቀን አውርድ ያለኝም የለም፤ ደቦ በዝምታ ሲሠራ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የሰፈራ ማኪና በጫካ ሰበብ አልመጣብንም። ቀይ አፈር ከብት ስላልገባበት ሣሩ ተነሣ። ጉልበት ደረሰ ብቻ አልላችሁም፤ እኔ ስናገረው ቄሱ ከነፈረሳቸው ጠፍተውበት ሰው ተልኮ ተፈለጉ! ኅዳር ላይ በዕጣ እየተካፈልን አጨድን። ግርጌው ላይ የደረቀው ምንጭ መጀመሪያ እንደ ሕፃን አፍንጫ ረጠበ፣ ቀጥሎ ተንጠባጠበ፣ ኋላ ወረደ፤ ሴቶቹ እንስራ አዝለው ገደል መውረድ ተዉ። ፍየሎቼን ሸጬ ላም ገዛሁ፤ ከዚያው ሣር እያጨድኩ ከደጄ አስሬ ቀለብኳት። ሚስቴ ቅቤ ይዛ አዘዞ መውረድ ጀመረች። ንብ ቀፎ የሰቀለም አለ። ከዓመታት በኋላ፣ ዛፉ ሲደርስ፣ የቤቴ ማገር፣ አሁን ቀና ብል የማየው ጣራ፣ ከዚያው ከቀይ አፈር ተቆረጠ። ልገድለው የሞከርኩት ተራራ አበላኝ፣ አጠጣኝ፣ ቤት ሠራልኝ። የመጀመሪያውን ሣር ስናጭድ ግን ይህን ያሰበልኝ ሰው እስር ቤት ነበር።

የእትዬ ጥሩዬን ዕጣ ሣርም የማጭድላት እኔ ነበርኩ። "ወንድ የሌለባት ቤት" እያልኩ ተሸክሜ አገባላታለሁ። እሷም ትመርቀኛለች። ምርቃቷን "አሜን" እያልኩ እቀበል ነበር፤ ያውም እጄን ዘርግቼ።

አያ ፈንቴ ተፈታ። ልብሱ የሌላ ሰው እስኪመስል ከስቶ፣ ሲናገር እየሳለ መጣ። ከጊዜ በኋላ እርሱና ባለቤቱ ሊቆርቡ ቆረጡ። በኛ አገር ቁርባን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ጎረቤቱን ይቅርታ ይለምናል፤ ቂም ይዞ፣ በደል አዝሎ ወደ መቅደስ አይቀረብም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ደጄ ደረሱ።

"ደሴ፣ አለህ?"

"አለሁ፤ ግባ አያ፣ ቁጭ በል።"

"አልቀመጥም። ልመና ነው፤ ቆሜ ይሻለኛል።" ጥቂት ሳለ። "እስር ቤት ሳለሁ ደጋግሜ አሰብኩት። ያን ዕለት ላስቲኩን ቅደዱ ሳልላችሁ ወደ ማኪናው ሮጥኩ። ረሳሁ፣ ደሴ። የመንደሩን ልፋት ከንቱ ያስቀረሁ እኔ ነኝ። አንተም በስብሰባው የተናገርከው እውነት ነው፤ ለራሴ ዐውቄ ለናንተ አላስተማርኩም። አልተቀየምኩህም። ይቅር በለኝ።"

እትዬ ጥሩዬ ከኋላው ሆና፣ "ሰው ነው፣ ይረሳል። ይቅር በለው የኔ ልጅ" አለች።

ከኔ በፊት በየቤቱ ዞሯል። ሁሉም ይቅር ብለውታል። "አንተ አልረሳህም" ያለው አንድ ሰው አልተገኘም፤ ያን የሚል ሰው "ዐውቀን ነው ያደረግነው" ማለትም ነበረበትና። ምናልባት ሁሉም ለኔ ትተውልኝ ይሆን? የመጨረሻው ደጅ የኔ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ እምላለሁ፣ ነበር። ሚስቴ አጠገቤ ቆማለች። ላሚቱ ደጅ ሣር ታኝካለች፤ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

"እግዜር ይቅር ይበልህ፣ አያ" አልኩት።

ይቅር አልኩት! እኔ፣ እርሱን! ወደ ጉልበቴ ዝቅ አለ፤ ማንሣት ሲገባኝ ቆሜ አሳለምኩት። ያን ቀን አልቀለድኩም። ብቀልድ ምን ነበረበት?

ቆረበ። ጥቂት ዓመት ኖረ። ሞተ። እንደረሳ አምኖ ሞተ።

አሁን ከሦስቱ የቱ ይከፋል? ውሸቱ? ራሴን መነቅነቄ? ይቅርታው? በአልጋዬ ላይ እየተገላበጥኩ እመዝናለሁ፤ ሚዛኑ አንድ ቀን አይረጋም። "ወጣት ነበርኩ" እንዳልል አያ ፈንቴም አንድ ጊዜ ወጣት ነበር፣ ሰው አላሳሰረም። "ዘመኑ ነው" እንዳልል ያው ዘመን እርሱንም አግኝቶታል፤ እርሱ ላስቲኩን እየቀደደ ተከለ። "ተራራው በመጨረሻ ለምልሟል" እንዳልል በኔ አልለመለመም።

እትዬ ጥሩዬ በሕይወት አለች። ጆሮዋም ጥሩ ነው፤ የማትሰማ ብትሆን አመካኝ ነበር። ሐምሌ በመጣ ቁጥር በዱላዋ ተደግፋ ቀይ አፈር ትወጣለች፤ ችግኝ የያዙትን ልጆች ሰብስባ፣ "ላስቲኩን ቅደዱ፣ ልጆቼ። ባለቤቴ ይህችን መናገር ረስቶ ነው የታሰረው" ትላቸዋለች። የባሏን ስም ለትምህርት እየሰጠች። እኔም አጠገቧ ችግኝ ይዤ እቆማለሁ። በየዓመቱ እቆማለሁ፣ በየዓመቱ ዝም እላለሁ።

ስለዚህ እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የናንተ አይደለም፤ ሊሰጠኝ ይችል የነበረው ሰው እኔኑ ይቅርታ ለምኖ ሞቷል። ይህን ወረቀትም ለእርሷ ማንበብ እፈራለሁ፤ ቃላቱ በዝተዋል፤ በቃላት ብዛት ማምለጥ ዐውቅበታለሁ። ለእርሷ ያለብኝ ይህችው ናት፦ እትዬ፣ ባልሽ አልረሳም። እኔ ነኝ።